«ደህና ናት» ብሎ የጻፈው ሰው

ልጄ አታይም፣ አትሰማም። እሱ ግን የመንግሥት መዝገብ ላይ «ደህና ናት» ብሎ ጻፈባት። በዚያች አንድ መስመር ምክንያት ልጄ አራት ዓመት ምድጃ ዳር ተቀምጣ ቀረች። በደሉ ይኸው ነው፤ አላሳመርኩትም፣ አልጨመርኩበትም።

ያን የጻፈው ደምሴ ሞተ።

ወሬውን የሰማሁት መሐል ሜዳ መናኸሪያ ነው። ቲኬት ቆራጩ መልሴን እየቆጠረ፣ «ያ ራቤል የነበረው፣ ሰላም የማይለው ሰውዬ አርፏል እኮ፤ ሣልስቱም አልፏል» አለኝ። ቲኬቱን ተቀበልኩ። መኪናው ተነሣ፤ እኔ አልተሳፈርኩም። መናኸሪያውን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። አንዷ ድንች ሻጭ፣ «አያ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለችኝ። ምን እንደጠፋብኝ ብነግራትም አይገባትም ነበርና አልፌያት ሄድኩ።

የሞተን ሰው በክፉ ማንሣት ነውር ነው ይባላል። ይባል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጺሜ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ነገር ማለዘብ የሚያስተምረው ክፍል ላይ አልደረስኩም። ደግሞ ደምሴ ራሱ ቢሰማኝ፣ «አያ ጌታነህ፣ ዙሪያውን አትሂድብኝ» ነበር የሚለኝ።

እንግዲህ ከሥሩ ልጀምር።

ልጄ እታፈራሁ ሁለት ዓመቷ ላይ ትኩሳት ጣላት። አንገቷ እንደ ሞፈር ደረቀ። ሐኪም ቤት እስክናደርሳት ሁለት ቀን አለፈ። ትኩሳቱ ሲለቃት ዓይኗንም ጆሮዋንም ይዞባት ሄደ። ጠበል ወሰድናት፤ ሁለት ሱባዔ ተቀመጥን። እናቷ ሙሉነሽ ጆሮዋ ሥር አፏን ገጥማ ስሟን ትጠራ ነበር። ልጅቷ የምታውቀው ትንፋሹን ብቻ ነበር፤ ሲነካት ትስቃለች።

አምስት ዓመት ሆናት። በ1988 ኅዳር ውስጥ፣ ገብስ አጨዳ ላይ ሳለን፣ ከወረዳ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ መጣ ተባለ። ረጅም፣ ቀጭን፣ አረንጓዴ የዝናብ ልብስ የለበሰ፣ ዓይኑ አንድ ቦታ የማያርፍ ሰው። የመርሐቤቴ ልጅ ነው፤ ዓለም ከተማ ተወልዶ በዚያው አድጎ እኛ ዘንድ የተመደበ። ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ይግቡ እንጂ፣ አረፍ ይበሉ» አልኩት። ያኔ አንቱ ነበር የምለው።

«አይ አያ፣ ገና አምስት ቤት አለብኝ። እንዴት ናችሁ? እህሉስ? ልጆችስ? ያቺ ያመማት ልጅ እንዴት ናት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናት።»

ሌላ ምን ልበለው? በእኛ አገር እንግዳ ደጅህ ላይ ቆሞ ልጅህ እንዴት ናት ሲልህ የሚመለሰው ይኸው ነው። አልጋ ላይ የሚያቃስተውም ደህና ነው። ባሏን ትናንት የቀበረችውም ደህና ናት። መከራህን የምታወጣው እንግዳው ከገባ፣ ከተቀመጠ፣ ጠላው ከተቀዳ፣ እንደገና «እስቲ ደህና ናችሁ?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ ነው። ደጅ ላይ ካማረርክ ፈጣሪህን በእንግዳ ፊት ከሰስክ ማለት ነው። ይህን የመርሐቤቴም ሰው ያውቃል። ደምሴም ያውቃል። ግን አልገባም፤ አልተቀመጠም፤ ሁለተኛ አልጠየቀም።

ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቸኩሎ ጻፈ። የቀለሙን ሣጥን ከፈተና፣ «አያ፣ እዚህ ላይ ጣትህን» አለኝ። አሳረፍኩ። ልጄ ከግድግዳው ወዲያ፣ ከእሱ አሥር እርምጃ የማይሞላ ቦታ ላይ ተቀምጣ ነበር። ራሱን እንኳን ዘንበል አድርጎ አላየም።

ተመዝግባለች ብለን ሁለት ዓመት ጠበቅን። በ1990 ወረዳው ከተማ ውስጥ ማየት ለተሳናቸውና መስማት ለተሳናቸው ልጆች ክፍል ተከፈተ። ከቀበሌያችን ሁለት ልጆች ተጠሩ፤ አንዱ የማያይ፣ አንዷ የማትሰማ። የእኔዋ ሁለቱም ነች፤ ማንም አልጠራት። ዘመዶቻቸው ሲሸኟቸው አይቼ በማግስቱ ሦስት ሰዓት በእግሬ ተጉዤ ወረዳ ገባሁ።

ደምሴን ቢሮው ውስጥ ቆሞ አገኘሁት። ያ ሰው ወንበር ነበረው፤ ኮቱን ነበር የሚያስቀምጥበት። ስሜን ነገርኩት፣ ማኅደሩ ከመዝገብ ቤት መጣ፣ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

«የልጅቷ አባት በቃላቸው እንዳረጋገጡት ልጅቷ ደህና ናት፤ ድጋፍ አያስፈልጋትም። ለዚህም ጣታቸውን...»

እዚያ ላይ ድምፁ ቆመ።

«ይህን የጻፈው ማነው?» አልኩት።

ወረቀቱን አገላበጠው። የገዛ እጅ ጽሑፉን የማያውቀው ይመስል ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ።

«እኔ አረጋገጥኩ? ምኑን ነው ያረጋገጥኩት? እንዴት ናት አልከኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩህ!» አንቱታውን የጣልኩት እዚያው ነው። ከዚያ ወዲህም አላነሣሁለትም፤ እሱም አንድ ቀን አልከፋውም።

«ልጅቷ የት ናት?»

«ቤት ነቻ! የት ትሄዳለች?»

ኮቱን ከወንበሩ አነሣ። ደጅ ላይ ባለጉዳይ ተሰልፎ ነበር። «ነገ ኑ» ብሎ በመካከላቸው አለፈ። እኔ ከኋላ፣ እሱ ከፊት፤ ያን ሦስት ሰዓት መንገድ ከሁለት ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ ጨረስነው።

ቤት ሲደርስ ሰላም አላለም። ቀጥ ብሎ ገባና ምድጃው ዳር፣ እታፈራሁ ፊት፣ መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። እጁን ሰጣት። ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው። ጣቶቿ ከመዳፉ ወደ ላይ ወጡ፤ ሰዓቱን አገኙት። የብረት ማሰሪያው አንድ ቦታ ተበጥሶ በሽቦ የታሰረ ነበር። ያቺን ሽቦ ዳሰሰች፣ ዞረች፣ ተመልሳ ዳሰሰች። ፊቷ ላይ አንዳች ነገር ሲበራ እኔ አባቷ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ደምሴ እጁን ሳያነሣ ቆየ። እግሩ ግን ተቀምጦም ይርገፈገፍ ነበር።

ሙሉነሽ እንስራዋን አስቀምጣ አየችው። «አሁን መጣህ? ያኔ ብትገባ ምን ነበረበት? ደጃችን ጅብ ነበረበት?»

«ልክ ነሽ» አላት።

«ልክ መሆኔን ካንተ ልስማ ብዬ ነው?»

«አይደለም» አለ። ከዚያ ጠየቃት፤ «ውሃ ሲጠማት በምን ታሳውቅሻለች?»

ሙሉነሽ እጇን ወደ ገዛ ጉሮሮዋ ወሰደች። ይህን ቄስም፣ ሐኪምም፣ የገዛ እናቷም ጠይቋት አያውቅም። ቀስ ብላ፣ «ጉሮሮዬን ትይዘኛለች። የእኔን ጉሮሮ» አለችው። ጻፈው። ሙሉነሽ በቀን ስንት ሰዓት ከቤት እንደምትወጣ ጠየቀ፤ ጻፈው። ልጅቷን ማን እንደሚያበላት፣ ብቻዋን ስትሆን ምን እንደምታደርግ። እየጨለመ ሲመጣ ነው የሄደው።

ከዚያች ቀን በኋላ ይህ ሰው ማንንም «እንዴት ነህ» ብሎ ሲጠይቅ የሰማው የለም። ሰው ቤት ሲገባ፣ «ዛሬ ምን በላች? ማን አበላት?» ይላል። ገበያ ላይ «ምን በላች» የሚል ስም አወጡለት። አንዴ አብሬው ስሄድ አንዲት አሮጊት፣ «እንደምን አደርክ ልጄ?» አሉት።

«እማማ፣ እግርዎ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ ያበጠው?»

«በስመ አብ! የእግዜር ሰላምታ ሳትመልስ እግሬን ታያለህ? ባለጌ!»

«እሺ ባለጌ ነኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

እየሰደቡት ነገሩት፤ እየሰደቡት ጤና ጣቢያ ድረስ ተከተሉት። እኔ በሆዴ፣ ይህን ጥያቄህን ለእኔም ልጅ ያኔ ይዘህላት ብትመጣ ምን ነበረ እያልኩ ነበር። አብሬው ከማዝገም ሌላ ምርጫ አልነበረኝም፤ የሠራውን የሚያፈርሰው እሱ ብቻ ነውና።

ማፍረሱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የወረዳው ኃላፊ ማኅደሩን አየና፣ «አባትየው ፈርሟል። ክፍል ሲከፈት ሐሳቡን ቀየረ ብለን የታተመ ሰነድ እንሰርዛለን?» አለ። ሌላም ችግር አመጣ። ቅጹ ላይ ማየት የተሳነው የሚል አንድ ሣጥን አለ፤ መስማት የተሳነው የሚል ሌላ ሣጥን አለ። ከሁለቱ አንዱ ላይ ነው ምልክት የሚደረገው። ክፍሉ የማያዩትን የሚያስተምረው በጆሮ ነው፤ የማይሰሙትን የሚያስተምረው በዓይን ነው። ሁለቱንም ሣጥን የሞላ ቅጽ ተበላሽቷል ተብሎ ይጣላል።

«አንዱን ምረጡና አምጡ» አለ ኃላፊው።

ደምሴ ቆሞ፣ «ልጅቷ እኮ አልመረጠችም፣ ጌታዬ» አለው።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ክፍሉ አሥር ዓመት የሞላውን ልጅ አይቀበልም። እታፈራሁ ነሐሴ ላይ ስምንት ልትሆን ነበር። ከዚያ ወዲያ የእኔ ኑሮ ቆጠራ ሆነ። ገብስ ስዘራ እቆጥራለሁ፣ በግ ስሸልት እቆጥራለሁ። ቅዳሴ ላይ ቆሜ እንኳን በጣቴ ስቆጥር ካህኑ አይተው ጸሎት መስሏቸዋል።

ያኔ ነው ማንበብ ያስተማረኝ። እኔ በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ሲመጣ በግ ጠፋብኝ እያልኩ ገደል ለገደል የተደበቅሁ ሰው ነኝ። ደምሴ ግን፣ «ሁለተኛ በማታነበው ወረቀት ላይ ጣትህን አታሳርፍም» አለኝ። ልመና አልነበረም፤ ትእዛዝም አልነበረም። ዕዳውን እንደሚከፍል ሰው ነበር የተናገረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ቢሮው ደጅ ያለው አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ፤ እሱ ፊቴ ወዲያ ወዲህ እያለ በእንጨት መሬት ላይ ይጽፋል። እንደ ቄስ ትምህርት ቤት ከሀሁ አልጀመረልኝም። የማኅደሬን ግልባጭ አውጥቶ አንድ ቃል ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ደ» አለ። «ደ» አልኩ። «ህ» አለ። «ህ» አልኩ። «ና።»

«ይህቺ ናት?»

«ይህቺ ናት።»

«ሦስት ፊደል ብቻ?»

«ሦስት ፊደል ብቻ።»

ወረቀቱን ልቀድደው ነበር። እጄን ያዘኝ። «አትቅደደው። አንብበው» አለ። በሕይወቴ መጀመሪያ ያነበብኳት ቃል እንግዲህ እሷ ነች። ሌሎቹን ቃላት ሁሉ የተማርኩት እሷን ለመሻር ነው።

እታፈራሁ ደግሞ በመጣ ቁጥር ሰዓቱን ትፈልጋለች። በኋላ ስም አወጣችለት፤ የሰው እጅ አንጓ በሁለት ጣቷ ከብባ ትይዝና በአውራ ጣቷ ትጫነዋለች፣ ሽቦው የነበረበትን ቦታ። ደምሴ ማለት ነው። ዛሬም ስሙ ይኸው ነው። ያን ቀን ከመናኸሪያ ስመለስ ደጅ ላይ አንጓዬን ይዛ ከበበችው፤ መቼ ነው የሚመጣው ማለቷ ነው። መዳፏ ላይ ነገርኳት። እውነት አልመሰላትም፤ አስደገመችኝ። ደገምኩላት። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፍም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በ1991 ክረምት ወረዳው ግምገማ ተቀመጠ። በዚያን ዘመን ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ይሰበሰባል፤ አንዱ አንዱን ይነቅፋል፣ ራሱንም ይነቅፋል። ብዙው ሰው ራሱን ሲነቅፍ፣ «ሥራ እያበዛሁ ዕረፍት አልወስድም» ዓይነት ነገር ይላል። ገበሬም ይጠራ ነበርና እኔም ከኋላ ተቀመጥኩ። ደምሴ፣ «አትምጣ» ብሎኝ ነበር። መጣሁ።

ተነሣ። «ሳልገባባቸው ገባሁ ብዬ የጻፍኩባቸው ቤቶች አሉ» አለ። «አንዲት የማታይ፣ የማትሰማ ሕፃን ሳላያት ደህና ናት ብያለሁ። አባቷ ሰላምታ ነው የመለሰልኝ፤ እኔ ምስክርነት አድርጌ ጻፍኩት። ሰነዱ ሐሰት ነው። ያበላሸሁት እኔ እንጂ እሱ አይደለም። ይህ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍርልኝ እጠይቃለሁ።»

አጠገቤ ያለው ሰው፣ «ምን ሆኗል ይኼ ሰውዬ? በገዛ እጁ ገመድ ይገባል?» ብሎ ሳቀ።

ኃላፊው አልሳቀም። «ይስፈር» አለ፣ ፊቱን አጥቁሮ። በወሩ ደምሴ ከደረጃው ዝቅ ተደርጎ ወደ ግሼ፣ ራቤል ተመደበ። ሊሸኘው የወጣ ሰው አላየሁም። እኔም የወጣሁት ልሸኘው አልነበረም፤ አሁን ልጄን ለማን ትተሃት ነው ልለው ነበር። ከመኪናው መስኮት አጎንብሶ የተጠቀለለ ወረቀት ሰጠኝ። የቃለ ጉባኤው ግልባጭ ነው፤ ማኅተም አለበት።

«ወረቀትን የሚሽረው ወረቀት ነው» አለኝ። «በየወሩ መጀመሪያ ይዘኸው ግባ። አንብብላቸው። ራስህ አንብብላቸው።»

በየወሩ ገባሁ። አነበብኩ። መጀመሪያ ስንተባተብ ጸሐፊዋ ታቋርጠኝ ነበር፤ በኋላ ከመግባቴ በፊት ኃላፊው በጓሮ በር ይወጣ ጀመር። ደጁ ላይ ቁጭ ብዬ ለባለጉዳዩ አነበብኩለት። ገበያተኛው ሁሉ በቃሉ ያዘው።

በ1992 ሰኔ፣ እታፈራሁ አሥር ሊሞላት ሁለት ወር ሲቀራት፣ ኮሚቴ ተቀምጦ ጠራኝ። ገባሁ። ኃላፊው መሐል ላይ ነው፤ የልዩ ክፍሉ መምህርት በጎኑ። ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ደምሴ ቆሟል። ከራቤል የመጣው ግማሹን በእግሩ ነው።

ኃላፊው ፈገግ አለና፣ «አያ ጌታነህ፣ እንዴት ከረሙ? ልጅቷስ እንዴት ናት?» አለኝ።

ክፉ አስቦ አልነበረም። እንደ ሰው መጠየቁ ነበር። አፌም እንደለመደው ተከፈተ፤ «እግዚአብሔር...» አልኩ። ቃሉ እዚህ፣ ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዓይኔ ደምሴ ላይ ወደቀ። ያ ዕረፍት የማያውቅ እግሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ዋጥኩት።

«ደህና አይደለችም» አልኩ። «አታይም። አትሰማም። ውሃ ሲጠማት የእናቷን ጉሮሮ ትይዛለች፤ እናቷ ከሌለች ይጠማታል። ቀን ከሌሊት አይለይላትም። ከምድጃው እስከ በሩ ስድስት እርምጃ ነው፤ ዓለሟ እሱ ነው።»

አንዱ የኮሚቴ አባል፣ «ኧረ አያ፣ እግዜርን አያማርሩ» አለ።

«እሱን መቼ ከሰስኩ? የምከሰው እናንተን ነው። ያንን ጥግ የቆመውንም ጨምሬ።»

ደምሴ ራሱን ነቀነቀ፤ ልክ ነው ለማለት። መምህርቷ፣ «ጉሮሮ ከያዘች ምልክት አላት ማለት ነው» አለች። «በመዳፏ ላይ አስተምራታለሁ። አምጧት። ሁለቱንም ሣጥን ሙሉት።»

ኃላፊው መምህርቷን አየ፣ ቃለ ጉባኤውን አየ፣ ጸሐፊዋን ጠራ። ልጅቷ ክፍሉ እንድትገባ የሚለው ደብዳቤ ተጽፎ መጣ። የቀለሙን ሣጥን ወደ እኔ ሲገፉት ወደነሱ መለስኩት። በጣቴ እየተከተልኩ ማንበብ ጀመርኩ። ኃላፊው ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየ። ይይ። ሦስተኛው መስመር ላይ ቆምኩ።

«ማየት የተሳናት ይላል። መስማትስ?»

ጸሐፊዋ ጎንበስ ብላ አየች፤ ፊቷ ቀላ። እንደገና ተጻፈ። እንደገና አነበብኩት። ከዚያ እስክሪብቶ ተቀብዬ ስሜን ጻፍኩ፤ ፊደሎቹ ተዳፋት ላይ እንደሚወርዱ በጎች አንዱ ባንዱ ላይ ወጥቷል፤ ግን የእኔ ናቸው።

ደጅ ስንወጣ ደምሴ ከኋላዬ መጣ። «እንዴት ዋልክ፣ አያ ጌታነህ?» አለኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ መጀመሪያ ጊዜ።

«ቁጭ በል መጀመሪያ» አልኩት።

የካቡ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። እኔም ተቀመጥኩ። ከዚያ ሁለተኛ ጊዜ ጠየቀኝ፤ «እስቲ ደህና ነህ?»

ያን ጊዜ ነገርኩት። አንድ ሳላስቀር፣ ያን አራት ዓመት ሁሉ። ይቅር በለኝ አላለም፤ ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩትም። ጨርሼ እስክነሣ ድረስ ግን ከዚያ ድንጋይ አልተነሣም።

ደብዳቤው እጄ ላይ አለ። ቀኑ ሰኔ 13 ቀን 1992 ዓ.ም. ይላል።